አንዱን ለማውጣት ሌላው እንዳይገባ

ነገሩ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በተመሳሳይ መንገድ ነው። በጋው እየገፋ ሲሄድ የጉድጓዱ ውሃ ይሸሻል። የግቢው ባለቤት ጥልቀቱን የሚጨምርለት ቆፋሪ ይጠራል። ቆፋሪው ወርዶ ጥቂት እንደሠራ ድምፁ ይጠፋል። ከላይ ያለው ጓደኛው ይጣራል፤ መልስ የለም። ደንግጦ ያለ ገመድ ተከትሎት ይወርዳል። እሱም ዝም ሲል ወንድም ወይም ጎረቤት ይከተላል። በአንድ ሰው የጀመረው አደጋ የሁለትና የሦስት ቤት ለቅሶ ይሆናል።

በአዲስ አበባ ከተማ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አስኮ፣ ወደ ቡራዩ፣ ሆለታና አምቦ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበት የምዕራብ በር ነው። እንዲህ ባለው የከተማ ዳርቻ የከተማ ኑሮና የግብርና ሥራ በአንድ ግቢ ይገናኛሉ። የወተት ላም የሚያረባ ሰው የእበት ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይኖረዋል፤ የጓሮ አትክልት የሚያለማ የውሃ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ የመፀዳጃ ጉድጓድማ የሁሉም ነው። ወደ ገጠሩ ሲኬድ ደግሞ የእህል ጉድጓድና የባዮ ጋዝ ማብላያ ይጨመራሉ። አገልግሎታቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም አየር እንደልብ የማይዘዋወርባቸው ናቸው።

ጤናማ አየር ከመቶ 21 እጅ ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ከ19.5 በታች ሲወርድ በሥራ ደህንነት መለኪያ አደገኛ ይባላል፤ ከ10 በታች ከሆነ ሰው ለመጮህ እንኳ ፋታ ሳያገኝ ራሱን ይስታል። በታመቀ ጉድጓድ ውስጥ ከአየር የሚከብደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከታች ይተኛል። ከሚብላላ እበትና ከመፀዳጃ ጉድጓድ ደግሞ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል። የዚህ ጋዝ ክፋቱ፣ መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ችሎታን ማደንዘዙ ነው። ስለዚህ "ሽታው ጠፍቷል፣ አሁን ይገባል" የሚለው ግምት ሰው ይገድላል። እበቱ ሲማሰል የታመቀው ጋዝ በአንድ ጊዜ ስለሚለቀቅ፣ እያማሰሉ በአፉ ላይ ማጎንበስም እንደመግባት ያህል ያሰጋል።

በመስኖ አካባቢ ብዙ ያልተወራለት ሌላ ምክንያት አለ፤ የውሃ መሳቢያ ሞተሩ ራሱ ነው። ከላይ ተቀምጦ ውሃ የሚስብ ፓምፕ በተግባር ከ7 ሜትር ብዙም ያልበለጠ ጥልቀት ነው የሚስበው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ደግሞ አቅሙ ከዚህም ያንሳል። ውሃው ሲሸሽ አርሶ አደሩ የሚያገኘው ቀላል መፍትሔ ሞተሩን በገመድ ወደ ጉድጓዱ ማውረድ ነው። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ ሲነሳ ሽታም ቀለምም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሞላበታል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ጋዙ እዚያው ይቆያል። ቧንቧ ለማስተካከል ወይም ነዳጅ ለመጨመር የሚወርደው ሰው ጠላቱን አያየውም። ለጥልቅ ጉድጓድ የሚሆነው ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ወይም የፀሐይ ኃይል ፓምፕ ነው፤ ዋጋው ቢወደድም ሞተር አውርዶ የማስነሳት ልማድን ያስቀራል።

ሻማ ወይም ፋኖስ አውርዶ መሞከር ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘዴ ነው። እሳቱ ከጠፋ ኦክስጅን እንደሌለ ያሳያል፤ ይህ እውነት ነው። አለመጥፋቱ ግን ደህንነትን አያረጋግጥም። ሰው የሚገድል ካርቦን ሞኖክሳይድ ባለበት ሻማው እየበራ ሊቆይ ይችላል። በእበትና በባዮ ጋዝ ጉድጓድ ላይማ ሚቴን ስላለ እሳት ማቅረብ ፍንዳታ መጋበዝ ነው። አስተማማኙ መንገድ የጋዝ መለኪያ መሣሪያ ነው፤ እሱ በሌለበት ክዳኑን ከፍቶ ረዘም ላለ ጊዜ ማናፈስና ንጹህ አየር በመንፊያ እስከ ታች ማስገባት አደጋውን ይቀንሳል። ሰው እስካለበት ድረስም መንፊያው መቆም የለበትም።

የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ በታመቁ ቦታዎች ከሚሞቱት ሰዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ እንደሆኑ ገልጿል። ሥልጠና ለቆፋሪው ብቻ ተሰጥቶ የማያበቃው ለዚህ ነው። የሚሞተው ቆፋሪው ብቻ ሳይሆን ከላይ የቆመውም ነው፤ ስለዚህ ሚስትም፣ ልጅም፣ ጎረቤትም አስቀድመው ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። ሰው የሚወርደው በብብቱ ሥር ያለፈ ጠንካራ ገመድ ታስሮ፣ ከላይ ሊጎትቱት የሚችሉ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ባሉበት ነው። በየጥቂት ደቂቃው ይጠራል፤ ካልመለሰ ወዲያው ይጎተታል እንጂ ማንም አይከተለውም። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 ይጠራል። ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ የገጠር ቀበሌ ግን የመተንፈሻ መሣሪያ ይዞ የሚደርስ ቡድን ቅርብ አይደለም፤ እዚያ ያለው ረዳት አስቀድሞ የታሰረው ገመድ ነው።

ኃላፊነቱ የማን ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹን ስለሥራው አደገኛነትና ስለጥንቃቄው እንዲያሳውቅ፣ የመከላከያ መሣሪያም እንዲያቀርብ ያዛል። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው መሣሪያውን እንዲጠቀምና ያየውን ጉድለት እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥላል። ድርሻው የሁለቱም መሆኑን ሕጉ ያውቃል። ችግሩ ጉድጓድ ቆፋሪው በሜትር ተዋውሎ በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ሲሆን ነው፤ አዋጁ በራሱ የሙያ ኃላፊነት በክፍያ የሚሠራን ሰው ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎታል። በተግባር ባለቤቱ "ተዋውሏል" ይላል፤ ቆፋሪው "ለምጄዋለሁ" ይላል። መሐል ላይ ገመዱን የሚገዛ ይጠፋል።

ባለቤት የሌለው አደጋ ምን እንደሚያስከትል ኮልፌ ቀራንዮ ያውቀዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚሁ ክፍለ ከተማ በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በርካቶች ክምሩ ላይ እየለቀሙ የሚተዳደሩና አጠገቡ የሚኖሩ ነበሩ። የዚያ አደጋ መነሻ ከጉድጓድ አየር ጋር አይገናኝም። ነገር ግን እዚያም ሰዎቹ ለዕለት እንጀራቸው የሚሠሩበትን ቦታ እንደ ሥራ ቦታ ቆጥሮ የተቆጣጠረላቸው አልነበረም።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ለዚህ አዲስ መዋቅር አያስፈልጋቸውም። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት አሉ፤ የልማት ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ። ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር የሚጠራው ስብሰባ ላይ አንድ ሰዓት ወስዶ፣ እውነተኛ ገመድ አምጥቶ፣ ከጎልማሶቹ አንዱን አስሮ መጎተትን ማለማመድ ይቻላል። በወረቀት ከሚነበብ መመሪያ ይልቅ ይህ ይታወሳል። ጊዜውም ይመረጣል፤ ጉድጓድ የሚጠረገውና የሚጠልቀው በበጋው ማብቂያ ላይ ስለሆነ ሥልጠናው ከየካቲት ባያልፍ ይበጃል። ፓምፕ በብድር ሲከፋፈልም "ሞተሩ ወደ ጉድጓድ አይወርድም" የሚል አንድ መስመር በርክክብ ቅጹ ላይ ቢጨመርና ተረካቢው ከመፈረሙ በፊት ቢነበብለት ወጪ የለውም። ቆፋሪና የግቢ ባለቤት ሲዋዋሉም ከሜትሩ ዋጋ ቀጥሎ ገመዱን ማን እንደሚያቀርብ፣ ከላይ የሚቆሙት ሁለቱ ሰዎች እነማን እንደሆኑ በስም ሊጻፍ ይችላል።