የከፈሉበት ሶፍትዌር የማን ነው?

በዋሽንግተን አካባቢ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት ኢትዮጵያዊት አሉ እንበል። የምግብ ትእዛዝ የሚቀበልላቸውን የስልክ መተግበሪያ ያሠሩት አዲስ አበባ ተቀምጦ በግሉ በሚሠራ፣ በተለምዶ ፍሪላንሰር በሚባል የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። ስምምነታቸው በቴሌግራም መልእክት አለቀ፤ ገንዘቡ ተላከ፤ መተግበሪያውም በሚገባ ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባለሙያው ቋሚ ሥራ ያዘና መልስ መስጠት አቆመ። በእርሱ ምትክ የተጠራው ሰው መጀመሪያ የጠየቃቸው «ሶርስ ኮዱ የት አለ?» ብሎ ነው። እርሳቸው እንዲህ የሚባል ነገር መኖሩንም አልሰሙም።

ይህ ምሳሌ ነው፤ ይሁንና በሙያው ላሉ ሰዎች እንግዳ አይሆንባቸውም።

ሶፍትዌር ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ባለሙያው የሚጽፈው፣ ሌላ ባለሙያም አንብቦ ሊያርመውና ሊያሻሽለው የሚችለው ምንጭ ኮድ ነው። ሁለተኛው ይኸው ጽሑፍ መሣሪያው ሊያስኬደው በሚችል ቋንቋ ተቀይሮ ስልክ ላይ የሚጫነው ቅጂ ነው። ደንበኛው በዓይኑ የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ከእርሱ ተነሥቶ የመጀመሪያውን እንደ ነበረ ለማግኘት መሞከር፣ ከተጋገረ እንጀራ ዱቄቱን መልሶ ለማውጣት እንደ መሞከር ነው።

ብዙ ሰው ግን «የከፈልኩ እኔ ነኝ፤ ንብረቱም የእኔ ነው» ብሎ ያምናል። በዚያው በዋሽንግተን የተነሣ አንድ ክርክር ይህን እምነት ፈትኖታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ለቤት አልባዎች መብት የሚሟገት አንድ ድርጅት፣ ጄምስ ኧርል ሪድ የተባለ የባልቲሞር ቀራጺ ጎዳና ላይ የወደቀ ቤተሰብን የሚያሳይ ሐውልት እንዲሠራለት አዘዘ። በጽሑፍ የሰፈረ ውል አልነበራቸውም። ሐውልቱ ከታየ በኋላ የቅጂ መብቱ የማን እንደ ሆነ ተጣሉና ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ሪድ ተቀጣሪ አይደለም አለ፤ የሠራው በራሱ መሣሪያ፣ በራሱ የሥራ ቦታ፣ ለአንድ ሥራ ብቻ ተጠርቶ ነበርና። ሐሳቡን ማመንጨቱና ወጪውን መሸፈኑ ብቻ ድርጅቱን የመብቱ ብቸኛ ባለቤት አላደረገውም።

ሐውልቱን በመተግበሪያ፣ ቀራጺውን በአዲስ አበባው ባለሙያ ቢተኩት መርሁ ያው ነው። በአሜሪካ በግል የሚሠራ ባለሙያ የቅጂ መብቱን ለደንበኛው የሚያስተላልፈው በተፈረመ ጽሑፍ ነው፤ የብሪታንያ የ1988 ሕግም ተመሳሳይ ጽሑፍ ይጠይቃል። ጀርመን ከሁለቱም ትለያለች፤ እዚያ የደራሲነት መብት ራሱ አይሸጥም፣ የሚሰጠው የመጠቀም መብት ነው። በኢትዮጵያም የኮምፒዩተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ አለው። አሠሪና ሠሪ በሁለት አገር ሲኖሩ እንግዲህ የየትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛቸው በውሉ ካልተጻፈ፣ ክርክሩ ገና ከመነሻው ይወሳሰባል።

ውል ብቻውንም አይበቃም። የድረ ገጹ አድራሻ፣ የአገልጋይ ኮምፒዩተሩ ኪራይና መተግበሪያው የሚሰራጭበት አካውንት ከመጀመሪያው ቀን በደንበኛው ስም መከፈት አለባቸው። ምንጭ ኮዱም በጊት ይቀመጥ። ጊት ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው፣ እያንዳንዱን ለውጥ ከነታሪኩ የሚይዝ ሥርዓት ነው። ባለሙያው ሥራውን በየሳምንቱ ወደዚያ ከላከ ርክክቡ ለመጨረሻው ቀን አይቆይም። ይህ የትርፍ ጥንቃቄ የሚመስለው ሰው በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሳምንታት መቆየቱን ያስታውስ። ኮዱ በባለሙያው ላፕቶፕ ላይ ብቻ የነበረ ደንበኛ በእነዚያ ሳምንታት ምን ሊያደርግ ይችል ነበር?

ባለሙያውም የሚፈራው አለው፤ ኮዱን አስረክቦ ቀሪ ክፍያውን መነፈግ። ስለዚህ ክፍያው በየምዕራፉ ይከፈል፤ መብቱ ሙሉ በሙሉ የሚተላለፈው የመጨረሻው ክፍያ ሲገባ መሆኑም ይጻፍ። ኮዱን መያዣ አድርጎ ከመደበቅ ይህ ለሁለቱም ይሻላል።

ሥልጠና ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ምርቃት ይታያል። በእኔ እምነት የራሱ ዋጋና የራሱ ሰዓት ሊኖረው የሚገባ ሥራ ነው። ባለሙያው ስክሪኑን እያሳየ አንድ ሰዓት ቢናገር ሠልጣኙ ራሱን ይነቀንቃል፤ በማግስቱ ግን ምንም አያስታውስም። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ የሚያርፉት የሠልጣኙ መሆን አለባቸው። አስተናጋጇ ዋጋ ትቀይር፣ የተሳሳተ ትእዛዝ ትሰርዝ፣ ባለቤቷ የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ ራሳቸው አውርደው መልሰው ይጫኑ። በአማርኛ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ቢቀመጥላቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት የምትቀጠረው ሠራተኛም ትማርበታለች።

የምግብ ቤቷ ባለቤት አሁን መተግበሪያውን ከባዶ እያሠሩ ነው። አዲሱ ባለሙያ የዋጋ ዝርዝሩን ሲልክላቸው፣ ከዋጋው አስቀድመው የጠየቁት ጊቱ በማን ስም እንደሚከፈት ነው።