ተጨማሪ መረጃ፦ «እኔ ማን ነኝ?» በፈተና ሰሞን
የሥነ ልቦና ባለሙያው ጄምስ ማርሺያ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የኤሪክ ኤሪክሰንን የማንነት ሐሳብ ይዘው የኮሌጅ ወንድ ተማሪዎችን ማንነት በአራት ዓይነት ከፈሉ። መለኪያዎቹ ሁለት ናቸው፦ ተማሪው አማራጮችን መርምሯል? በአንድ ምርጫስ ጸንቷል? ጭንቀት ጎልቶ የሚታየው ገና በፍለጋ ላይ ባሉት ዘንድ ነው፤ ይህ ግን ድክመት አይደለም። ቤተሰብ «ሕክምና ተማር» ስላለው ብቻ የገባ ተማሪ የተረጋጋ ይመስላል፣ የመጀመሪያው «ኤፍ» እስኪመጣ። መርምሮ የመረጠ ብዙውን ጊዜ ችግሩን ፊት ለፊት ይገጥማል፦ መምህሩን ያነጋግራል፣ የጥናት ጊዜውን ያስተካክላል። ማንነቱ ያልጠራለት ወደ ሽሽት ያዘነብላል፤ ከክፍል መቅረት፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ ሲብስም ጫት። መለወጥ በማይቻል ነገር ላይ ግን፣ ለምሳሌ ከቤት ርቆ መመደብ ባመጣው ናፍቆት፣ ስሜትን ማስታገስ ራሱን የቻለ መላ ነው፤ ከዶርም ጓደኛ ጋር ቡና እየጠጡ ማውራትም ከዚሁ ይቆጠራል።