የደንበኛ ስም በነጋዴ እጅ

በሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ በተቆረቆረችው በዱራሜ ከተማ የዱቤ ደብተር የሌለበት ሱቅ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ዘይት፣ ስኳር ወይም ቆርቆሮ በዱቤ የወሰደ ሰው ስሙ፣ ቀበሌው፣ የስልኩ ቁጥርና ያለበት ዕዳ በዚያ ደብተር ይሰፍራል። ባለሱቁ ይኸን የሚጽፈው ገንዘቡን እንዳይረሳ ነው፤ ደንበኛውም ስሙን የሚሰጠው ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ለአንድ ጉዳይ የተሰጠው ስም ለሌላ ጉዳይ ሲውል ነው። ዕዳው የዘገየበትን ሰው ስም በሱቅ በር ላይ መለጠፍ ወይም በቴሌግራም ቡድን ማሰራጨት ገንዘቡን የሚያስመልስ ቢመስልም፣ ሰውዬውን በእድርና በእቁብ ወዳጆቹ ፊት ያዋርደዋል። የተዋረደ ሰው ደግሞ ዕዳውን ከፍሎ ሲያበቃ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም።

በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ነገሩን የሚያከብድ ሌላ ምክንያት አለ። ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለሚሠራ፣ ከባሕር ማዶ ገንዘብ የሚላክለት ቤት ጥቂት አይደለም። የማን ልጅ ስንት እንደላከና መቼ እንደደረሰ ባለሱቁና ገንዘብ የሚከፍለው ጸሐፊ ከጎረቤት ቀድመው ያውቃሉ። ይኸ ወሬ ከባንኮኒው አልፎ ገበያ ሲደርስ የሚያስከትለው ሐሜት ብቻ አይደለም፤ «ልጅዎ ታስሯልና ማስፈቻ ገንዘብ ቶሎ ይላኩ» እያለ በስልክ የሚያጭበረብር ሰው አጥብቆ የሚፈልገው ይኸንኑ ስምና ቁጥር ነው። እናት ደንግጣ ብትልክ፣ ጥፋቱ የአጭበርባሪው ቢሆንም መንገዱን የጠረገለት ምላሱን ያልሰበሰበ ነጋዴ ነው።

የፎቶ ኮፒ ቤቶችም ከዚህ አይርቁም። የፋይዳ መታወቂያውን ለማሳተም ፋይሉን በስልክ የላከ ደንበኛ ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ፣ ባለ 12 አኃዙ ቁጥርና ፎቶግራፉ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ይቀራል። ማጥፋቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዝዞ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ይኸንኑ ግዴታ አጽንቶታል። ስለዚህ ደብተሩ ይቃጠል የሚል የለም። ይሁን እንጂ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ፣ የሰው መረጃ ተለይቶ ለታወቀ ጉዳይ ብቻ፣ ለዚያም በሚበቃው መጠን እንዲሰበሰብና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቆይ ተደንግጓል። ባለመረጃው ስለ እርሱ የተጻፈውን የማወቅና ስሕተቱን የማሳረም መብት አለው። መረጃው ቢወጣ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ነጋዴው ራሱም ዛሬ በሌላው መዝገብ የተጻፈ ሰው ሆኗል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» የተባለውን ብድር ሲያቀርብ፣ ተበዳሪው የሚመዘነው በግብይቱ ታሪክ ነው። የገዛ ሒሳቡ ያለ ፈቃዱ ለተወዳዳሪው ቢነገርበት ምን ያህል እንደሚቈጣ የሚያውቅ ባለሱቅ፣ የደንበኛውን ደብተር ለመቆለፍ አዋጅ አይጠብቅም።

በጎረቤት አገር በኬንያ ነገሩ ከምክር አልፏል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዚያ አገር የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት፣ ከሌሎች ሰዎች ባገኘው ስምና ስልክ ቁጥር የማስፈራሪያ መልእክት ይልክ የነበረን አበዳሪ ኩባንያ 2,975,000 ሽልንግ ቀጥቶታል። የደንበኛውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለማስታወቂያ ያወጣ የመዝናኛ ቤትም 1,850,000 ሽልንግ ተቀጥቷል። ለሽያጭ ሲሉ የደንበኛን መልክ በፌስቡክ የሚለጥፉ የልብስና የፀጉር ቤቶች ይኸን ልብ ቢሉት አይጎዱም።

ለቡና ላኪዎች የቀረበው ጥያቄ ግን ከሁሉ ይከብዳል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ የሚጸናበት ቀን ቢራዘምም፣ ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ልክ እንዲታወቅ ያዝዛል፤ ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው ሁሉ፣ ያነሰው ደግሞ አንድ ነጥብ ይበቃዋል። በከምባታ እንደ ብዙው የአገራችን ገበሬ ቡናውን ከእንሰት ጋር በጓሮው የሚያለማ ሰው እንግዲህ ስሙና የጓሮው ቦታ በላኪው ኮምፒዩተር ሊገባ ነው። ያለዚህ መረጃ ቡናው ወደዚያ ገበያ አይገባምና መሰብሰቡ አይቀርም። ነገር ግን መረጃውን ማን እንደሚይዘው፣ ለማን እንደሚተላለፍ፣ ገበሬው ቡናውን በሚመጣው ዓመት ለሌላ ነጋዴ ለመሸጥ ቢፈልግ የማሳው ልክ ከእርሱ ጋር ይሄድ እንደሆነ አስቀድሞ መነገር አለበት። ይኸ ካልሆነ ገበሬው በገዛ ጓሮው መረጃ ለአንድ ገዢ ታስሮ ይቀራል። የሚፈርምበት ወረቀት በከምባትኛ ተነብቦለት አንድ ቅጂ በእጁ እንዲቀር ማድረግ ለላኪው ከአንድ ኩንታል ቡና ማጓጓዣ የበለጠ ወጪ አያስወጣውም።