ስለ አቶ ያሬድ ዘለቀ የሲኒማ ሥራ

በበዓል ዋዜማ በአቃቂ በኩል ወደ ቃሊቲ የሚመጣውን መንገድ ያየ ሰው፥ በጎች በገመድ ታስረው በመንገዱ ዳር ገዢ ሲጠብቁ ይመለከታል። ገዢውም ላቱን ጨብጦ፥ ጀርባውን ዳስሶ በዋጋ ይከራከራል እንጂ፥ ያንን በግ ያሳደገው ልጅ ምን እንደ ተሰማው አይጠይቅም። እኛም አልጠየቅንም። የጠየቁት አቶ ያሬድ ዘለቀ ናቸው።

አቶ ያሬድ በአዲስ አበባ ተወልደው በ10 ዓመታቸው ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ የሲኒማንም ጥበብ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ከዚያም ወደ አገራቸው ተመልሰው «ላምብ» የተባለውን፥ ትርጓሜው የበግ ግልገል የሆነውን፥ የመጀመሪያ ረጅም ፊልማቸውን በአማርኛ ሠሩ። ይህም በግንቦት ወር 2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ በሚደረገው የሲኒማ ጉባኤ ታየ። በጉባኤው ዋና ምርጫ ውስጥ የገባ የኢትዮጵያ ሥራ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ በረሃብ ትሞትበታለች። አባቱ አብርሃም ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በደጋ ካሉ ዘመዶች ቤት ይተወዋል፤ ልጁም ቹኒ ከሚሉት በግ በቀር ወዳጅ የለውም። አጎቱ ሰሎሞን፥ ልጁ እርሻ የማይሆንለት፥ ወጥ መሥራት የሚወድ ስለ ሆነ ይቈጣል፤ ቹኒንም ለመስቀል በዓል ለማረድ ይቈርጣል። ኤፍሬምም ሳምቡሳ እየሠራ በገበያ ሸጦ የመንገድ ገንዘብ ያጠራቅማል።

መጻሕፍትን የሚያውቅ አንባቢ፥ አብርሃም፥ ልጅና በግ በአንድነት ሲነሡ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 22ን ያስባል። በዚያ በጉ በልጁ ፈንታ ታረደ፤ በዚህ ግን ልጁ ስለ በጉ ይሟገታል። ይህን ድፍረት ነው የሚሉ ካህናት ይኖሩ ይሆናል፤ ለእኔ ግን አይመስለኝም። ሥራው እንደ ቅኔ ነው፤ ሰሙ በግ፥ ወርቁ እናት ናት። ልጁ ስለ በጉ ሲለምን የሚያለቅሰው ለእናቱ ነው፤ ይህንንም ማንም አፍ አውጥቶ አይነግረንም፤ ተራራውና የልጁ ዝምታ ይበቃሉ። እኛ ደበሎ ለብሰን፥ አኮፋዳ ይዘን የተማርን ሰዎች፥ ቆዳው ከማን በግ እንደ ተገፈፈ፥ እንጀራውንም ማን ጢስ ታግሦ እንደ ጋገረው ሳናስብ አድገናል፤ ወንድ ልጅ ከምድጃ አጠገብ ሲቀመጥ ግን እናፍርበታለን።

በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። (ስሙ ከአንዳንዶቻችን ልብ ገና አልወጣም።)

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ይህ ሥራ የተፈጸመው ከፈረንሳይ፥ ከጀርመንና ከኖርዌይ በተገኘ ትብብር ነው። የእኛው ልጅ ስለ እኛው በግ ለመናገር የባዕድ ደጅ ይጠና ዘንድ ግድ ሆነበት። የሲኒማ አዳራሽ ባለቤትም ሳቅ የሌለበትን ፊልም ሕዝብ አይገዛውም ብሎ ይፈራል፤ ለትርፉ የሚያስብ ነጋዴ ነውና አይፈረድበትም። የመንግሥት አዳራሽ ግን ትርፍ አይጠየቅም። ሹማምንት ቢፈቅዱ፥ በአቃቂ ቃሊቲ ያሉ የስብሰባ አዳራሾች በወር አንድ ምሽት እንዲህ ላለው ሥራ ቢከፈቱ ምን ይጎዳል? በዚያ ባሉት ፋብሪካዎች ከሚሠሩት መካከል ልጆቻቸውን ለዘመድ ትተው ከገጠር የመጡ አባቶች አሉና፥ የአብርሃምን ነገር ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።