ካርድ የሚበላ ንባብ

በኢትዮጵያ በሞባይል ስልክ የሚሸጥ ንባብ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። የዕለቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ፣ ሐዲስ፣ የጤና ምክር፣ የእግር ኳስ ዜና ወይም የፍቅር መልእክት ከባለአራት አኃዝ አጭር ቁጥር ይላካል፤ ክፍያው ከአየር ሰዓቱ ላይ ይቆረጣል። ጽሑፉን የሚያዘጋጁት ከቴሌኮም ኦፕሬተሩ ጋር ውል ያላቸው ሌሎች ድርጅቶች ናቸው፤ ገቢውንም ከኦፕሬተሩ ጋር ይካፈላሉ። ደንበኛው ግን ይህን የውል ሰንሰለት አያየውም። የሚያየው የሞላው ካርድ ሳይደውልበት ማለቁን ነው፤ ስለዚህም “ካርዴን በላብኝ” ይላል።

ይህ አቤቱታ ከደሴ ፒያሳ እስከ ሸዋ በር፣ ሐረጎን ወርዶም በኮምቦልቻ ባሉ ሞባይል ቤቶች የተለመደ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶችን ቀጥሯል፤ ለእነሱ 25 ብር ካርድ ከእናት ጋር የሚወራበት የሳምንት ድርሻ ነው። በቀን 2 ብር የሚቆርጥ አንድ አገልግሎት በወር 60 ብር፣ በዓመት 730 ብር ይወስዳል። ሁለት ሲሆኑ 1,460 ብር ይሆናል። ሂሳቡ ባዶ በነበረበት ቀን ያልተሳካ ቆረጣ ካርድ እንደተሞላ እንደገና ሊሞከር ስለሚችል፣ ማታ የተሞላው ካርድ ጠዋት ላይ ጎድሎ ይገኛል።

አብዛኛው እንዲህ ያለ ቆረጣ የሚጀምረው ከተረሳ ፈቃድ ነው። ማስታወቂያው የመጀመሪያዎቹ ቀናት በነጻ መሆናቸውን በጉልህ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚከፈለው ግን መጨረሻ ላይ በአንዲት ሐረግ ይታለፋል። ለመመዝገብ የሚጠየቀው አንድ ፊደል ወይም “ኦኬ” የሚል ቃል መላክ ብቻ ነው። ፊደል ወደ አጭር ቁጥር መላክን ሕዝቡ የለመደው ደግሞ በበጎ ሥራ ነው። ለታላቁ ሕዳሴ ግድብ በ8100 ላይ “ኤ” ብሎ የላከ ሰው ብዙ ነው። እጅ ለልገሳ በለመደው መንገድ የዕለት ክፍያ ውል ሲፈጸምበት፣ ውል መሆኑ አይታወቅም። ስልኩ የቤተሰብ ከሆነ ደግሞ የላከው ልጅ፣ የሚከፍለው አባት ሊሆን ይችላል።

የሂሳብ ጉድለት ሁሉ ግን ከምዝገባ የመጣ አይደለም። የኢንተርኔት ጥቅል አልቆ ዳታው ክፍት ከቆየ ክፍያው ከዋናው ሂሳብ ይሄዳል። የአየር ሰዓት የተበደረ ሰውም በቀጣዩ ካርድ ብድሩን ከነአገልግሎት ክፍያው ይመልሳል። ለመለየት ዳታውን ዘግቶ፣ ማታ *804# ደውሎ ቀሪውን መመዝገብ፣ ምንም ሳይደውሉ አድረው ጠዋት እንደገና ማየት ይበቃል። ብድር ሳይኖር በየሌሊቱ እኩል መጠን ከጎደለ፣ ምክንያቱ ምዝገባ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ቀጥሎ የገቢ መልእክቶች ሳጥን ይከፈታል። ያረጀ ቁልፍ ስልክ ላይ ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መልእክቶቹ ተነብበው የማያውቁ፣ ሳጥኑም ሞልቶ የቆየ ነው። ከባለአራት አኃዝ ቁጥሮች በተደጋጋሚ የመጡት ይለያሉ። ከዚያ ወደ እያንዳንዱ ቁጥር “ስቶፕ” የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ይላካል። በአማርኛ ፊደል ተጽፎ ከተላከ ስርዓቱ ላያውቀው ይችላል፤ በአንደኛው ቁጥር የተላከውም የሌላውን ምዝገባ አያቆምም። መልእክቶቹን ማጥፋት ወይም ላኪውን ማገድ ደግሞ ትልቁ ስሕተት ነው። ጽሑፉ ከዓይን ይሰወራል፤ ቆረጣው ይቀጥላል። ከአገልግሎቱ መውጣትን የሚያረጋግጥ መልስ እስኪመጣ መጠበቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ወሎ ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥም፣ በየትኛውም መመሪያ ያልተጻፈ ችግር አለ። ለጾም ወይም ለረመዳን ተብሎ የተጀመረ የጥቅስ ወይም የሐዲስ አገልግሎት ወሩ ካለፈ በኋላም ይቀጥላል፤ ባለስልኩ ቆረጣውን እያወቀ እንኳ ማቆም ይከብደዋል። የፈጣሪን ቃል “አቁም” ብሎ መላክ እንደ ድፍረት ይታያል፤ በተለይ አረጋውያን ጣታቸው ቁልፉ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ይህ ስሜት መከበር አለበት፤ በችኮላ ስልኩን ተቀብሎ መሰረዝ ተገቢ አይደለም። የሚቆመው ከአንድ ድርጅት ጋር የተደረገ የንግድ ውል እንደሆነ፣ ቃሉ ግን በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ያለ ክፍያ እንደሚሰማ ሲብራራ፣ አብዛኛው ሰው ራሱ ይልከዋል።

በዶላር የሚከፈል የንባብ ምዝገባ ያለው ሰው ቁጥሩ አነስተኛ ቢሆንም የገንዘቡ መጠን ከፍ ይላል። የአማዞን “ኪንድል አንሊሚትድ” ለ30 ቀን በነጻ ያስነብብና ካልተሰረዘ በአሜሪካ ዋጋው በወር 11.99 ዶላር ነው። ክፍያው የሚቆረጠው ውጭ ካለ ዘመድ የባንክ ካርድ ከሆነ፣ ድንገተኛው ክፍያ የሚያስደነግጠው ያንን ዘመድ ነው። በባንክ የዶላር ካርድ ለሚከፍል ደግሞ የምንዛሪው ለውጥ ይጨመራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር፣ ያው ወርሃዊ ክፍያ 683 ብር አካባቢ ነበር፤ ዶላሩ 100 ብር ሲደርስ ምዝገባው ሳይነካ ወደ 1,199 ብር ከፍ አለ። መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት እዚህም አይጠቅምም። መሰረዝ ያለበት ምዝገባው በተከፈተበት አካውንት ውስጥ ነው።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። አማዞን ደንበኞችን ሳያውቁ “ፕራይም” ለተባለው አገልግሎቱ አስመዝግቧል፣ መውጫውንም አወሳስቧል በሚል በአሜሪካ መንግሥት ተከስሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ጉዳዩን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ቋጭቷል። ከዚህ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። እዚህ ሀገር መፍትሔው ከባድ መሆን የለበትም። ለመግባት አንድ ፊደል የሚበቃ ከሆነ፣ ለመውጣትም በአማርኛ የተጻፈ “አቁም” ሊበቃ ይገባል። ነጻው ጊዜ ሲያልቅ ዝምታ እንደ ፈቃድ መቆጠሩም ትክክል አይደለም።

“ስቶፕ” ተልኮ ቆረጣው ካልቆመ አቤቱታው መጀመሪያ ለኦፕሬተሩ ይቀርባል፤ የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት ቁጥር 994 ነው። መልሱ ካላረካ፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተጠቃሚዎችን ቅሬታ ይመለከታል። ለሁለቱም የሚያስፈልገው ማስረጃ አንድ ነው፤ ገንዘብ የቆረጠው አጭር ቁጥር፣ “ስቶፕ” የተላከበት ቀንና የተመለሰው መልእክት። ስለዚህ ሞባይል ቤት ከመሄድዎ በፊት መልእክቶቹን አያጥፏቸው።