የጥለቱ ቀለም ነጩን እንዳያበላሽ

በዓል በመጣ ቍጥር ነጭ ልብስ ከሣጥን ይወጣል። ጥምቀት ሲደርስ፥ ፋሲካ ሲቃረብ፥ ሠርግ ሲጠራ በየቤቱ ነጠላው ይታጠባል፤ ቀሚሱ ይሰጣል። የአገር ልብስ ውበቱ በሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም በሸማው ንጣትና በጥለቱ ቀለም። ነገር ግን እነዚህ ሁለቱ በልብሱ ላይ ተስማምተው ቢታዩም ውሃ ውስጥ ሲገቡ የሚጣሉበት ጊዜ አለ። የጥለቱ ቀለም ይለቅና ነጩን ያዥጐረጕረዋል። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቱንና መከላከያውን መግለጽ ነው።

ወደዚህ ነገር ያመጣኝ የራሴ ጥፋት ነው። ጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው አያቴን ደስ ላሰኛቸው ብዬ ቀይ ጥለት ያለውን ነጠላቸውን ሳላስፈቅድ ለማጠብ ተነሣሁ። ቀለሙ እንዳይለቅ አንድ እፍኝ ጨው ጨመርሁ፤ እንዲነጣ ደግሞ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፌ አሳደርሁት። ጧት ሳወጣው ከጥለቱ አጠገብ ያለው ነጭ ሁሉ ቀልቷል። ደንግጬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አያቴ አልተቈጡኝም። «ልጄ፥ እናትሽን የዳርሁ ዕለት የለበስሁት ነበር» ብለው ዝም አሉ። ከቍጣ ይልቅ ዝምታቸው ከበደኝ።

ትምህርት ሲከፈት የኬሚስትሪ መምህራችንን ጠየቅሁ። እርሳቸውም የነገሩ ሥር ቀለሙ ጥጡን በሚይዝበት መንገድ ላይ መሆኑን አስረዱኝ።

በጥንት ዘመን ሰው ቀለምን የሚያገኘው ከቅጠል፥ ከሥር፥ ከአፈርና ከነፍሳት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1856 ዊልያም ሄንሪ ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ የወባ መድኃኒት ሲፈልግ ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን አገኘ። በ1880ዎቹ ደግሞ ፓውል ቦቲገር የተባለ ጀርመናዊ ኮንጎ ቀይ የሚባለውን ቀለም ሠራ። ይህ ቀለም ሌላ ማያያዣ ሳያስፈልገው በቀጥታ ጥጥን ይነክራል። ርካሽና ቀላል ስለ ሆነ ብዙ መሰሎች ተከተሉት። ሆኖም የዚህ ዐይነት ቀለም ጥጡን ላላ አድርጎ ስለሚይዝ እንደ ገባ ሊወጣ ይችላል። በ1956 ለገበያ የቀረበው ሌላ ዐይነት ቀለም ግን ከጥጡ ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል፤ ስለዚህ በቀላሉ አይለቅም። እንዲያም ሆኖ ሳይተሳሰር የቀረው ትርፍ ቀለም በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ሊወጣ ይችላል።

ሸማኔው ብዙ ጊዜ ባለቀለሙን ክር ከገበያ ገዝቶ ነው የሚሸምነው። ክሩ በየትኛው ቀለም እንደ ተነከረ በዐይን ብቻ አይታወቅም።

ጨውስ? መምህራችን መልሱን ራሴ እንዳገኘው ፈለጉ። ከዚያው ነጠላ ጥለት ጥቂት ክር መዝዤ አመጣሁ። በሁለት ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ ክሩንና አንዳንድ ቍራጭ ነጭ ጨርቅ ጨመርን፤ በአንደኛው ብቻ ጨው አደረግን። ጨው ያለበት ውሃ ጠራ ብሎ ታየና ደስ አለኝ። ጨርቆቹን ስናወጣ ግን ይበልጥ የቀላው ከጨው ውሃ የወጣው ነበር!

ምክንያቱ ይህ ነው። ጥጥም ሆነ ይህ ቀለም ውሃ ውስጥ ሲገቡ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ። ጨው ግፊያውን ያደክምና ቀለሙ ጥጡ ላይ እንዲያርፍ ይረዳል። ስለዚህም ቀለም ነካሪዎች ጨውን ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። እኔም ሳላውቅ የአያቴን ነጠላ አላጠብሁትም፤ ነከርሁት እንጂ። ኮምጣጤም ቢሆን የሚረዳው የሱፍና የሐር ቀለም ሲነከር ነው፤ በጥጥ ላይ ቀለም አያጸናም።

እንግዲህ የሚከተሉትን ማስታወስ ይበጃል።

1ኛ/ ልብሱ ከመታጠቡ በፊት ይፈተን። ነጭ ጨርቅ አርጥቦ በጥለቱ ላይ ለጥቂት ደቂቃ መጫን ነው። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ጥለቱ ይለቃል ማለት ነው። ብዙ የሚለቅ ከሆነ በውሃ ሳይሆን በሌላ ፈሳሽ ወደሚያጥብ ላውንደሪ መውሰድ ይሻላል።

2ኛ/ ለብቻው፥ በሰፊ ሳፋና በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ። ውሃው ሲበዛ የለቀቀው ቀለም ይሣሣል፤ ነጩንም የማግኘት ዕድሉ ያንሳል። ሙቀት ግን ቀለሙን ያስለቅቃል።

3ኛ/ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ ተበጥብጦ ይጨመር። ልብሱ ሳይዘፈዘፍ ቶሎ ታሽቶ ይውጣ።

4ኛ/ ውሃው እስኪጠራ ድረስ እየተለወጠ ይለቅለቅ።

5ኛ/ አይጠምዘዝ፤ እርጥቡም ታጥፎ አይቀመጥ። እርጥብ ጥለት ነጩ ላይ ተኝቶ ከቈየ ቀለሙ ይተላለፋል። በንጹሕ ፎጣ ውሃውን አስመጥጦ ጥለቱ ነጩን ሳይነካ ጥላ ላይ ማስጣት ነው።

ቀለሙ ለቆ ከተገኘስ? ከሁሉ በፊት ልብሱ አይድረቅ። የኔ ሁለተኛ ጥፋት ፀሐይ ላይ ማስጣቴ ነበር፤ የደረቀ ቀለም ለማስለቀቅ ይከብዳልና። ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ማጠብ፥ ውሃውንም ቶሎ ቶሎ መለወጥ ያስፈልጋል። በረኪና ግን መጨመር አይገባም፤ እድፉን ሲያጠፋ ጥለቱንም ያጠፋዋል።

የአያቴን ነጠላ በዚህ ዘዴ አራት ጊዜ መልሼ አጠብሁት። አብዛኛው ቅላት ለቀቀ፤ ጥቂቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። አያቴ አሁንም ይለብሱታል፤ ሲያጣፉት ግን የቀላውን ወገን ወደ ውስጥ ያደርጉታል። ያን ባየሁ ቍጥር «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ቃል ትዝ ይለኛል። የትምህርት ቤታችን ልጆች ሆይ፥ ለመጪው በዓል የእናታችሁን ልብስ ለማጠብ ስትነሡ የጨውን ዕቃ ተዉና ከነጭ ጨርቅ ቍራጭ ጀምሩ።