የኮራል ቁራጭን ከድንጋይ ማጣበቅ

የሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ ባይኖረውም ውኃው ጨዋማ ስላልሆነ ቆሮሶና አምባዛ ይኖሩበታል እንጂ ኮራል አይበቅልበትም፤ ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት በኅብረት የሚገነቡት ሕያው አካል ሲሆን፣ የሚስማማውም በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው የያዘ ውኃ ነው።

ስለዚህ ኮራልን በመስታወት ገንዳ የሚያረባ ሰው ውኃውን በጨው ካዘጋጀ በኋላ፣ ከትልቁ ኮራል የተቆረጠውን ቁራጭ ከድንጋይ ጋር ያጣብቃል። ለዚህ የሚመረጠው ወፍራሙ ሱፐር ግሉ ነው፤ ይህ ሙጫ የሚጠነክረው እርጥበት ሲነካው ስለሆነ ውኃ ውስጥ መያዙ ሊያስገርም አይገባም። የቁራጩ ግርጌ በጨርቅ ተጠርጎ የአተር ፍሬ የሚያህል ሙጫ ይደረግበትና፣ አልጌው ተፍቆ በጸዳው ድንጋይ ላይ ተጭኖ ጥቂት ይያዛል፤ ሙጫው ውኃ እንደነካው ነጭ ቆዳ ስለሚያወጣም፣ ቆዳው እንዲቀደድ ቁራጩን በትንሹ ማሽከርከር ያስፈልጋል። ሙጫው ግን ጊዜያዊ ደጋፊ ብቻ ነው፤ ዘላቂውን ማያያዣ ኮራሉ ራሱ በድንጋዩ ላይ ቀስ በቀስ በሚያነጥፈው ኖራማ አጽም ይሠራዋል።

ይህ የኖራ ግንባታ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም፤ ዛሬ ከባሕር ጠለል በታች በሚገኘው የአፋር ደናክል ረባዳ ምድር፣ ከ120,000 ዓመት በፊት ገደማ ቀይ ባሕር ዘልቆ በገባበት ዘመን የበቀሉ ኮራሎች ቅሪታቸው እስካሁን ይታያል።